ይቆይላት

ከጦሳ የወረደው ጉም ቀድሞኝ ገብቷል፣
ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ወረፋ ይዟል።
እኔም ከጉሙ ኋላ፣ አርባ ሁለት ቁጥር፣
ብብቴ ውስጥ ካርታ፣ የሞት ምስክር፣
የወንድሞቼንም ውክልና ጭምር።

ልንሸጠው ነው ቤቱን።
ገዢም ተገኝቷል፣ የሐርቡ ነጋዴ፣
ቅዳሜ ቀብድ ሊሰጥ፣ ሊጨርስ ባንዴ።
የቀረን አንድ ነው፦ ክሊራንስ ማውጣት፣
«ከዕዳ ነጻ ነው» ብሎ ማስመታት።

መዝገቡን የያዙት አቶ ሽበሺ ናቸው፤
ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ነው የቀራቸው፤
ያን ያህል ይወስዳል ፋይል መፈለጋቸው።

«ዘምዘም ይማም» አልኩኝ፣ «ሆጤ፣ ከሜዳው በላይ፣
የልብስ ሰፊው የእንድሪስ ቤት።»
ቀና አሉ። ከጫማዬ እስከ ራሴ አዩኝ።
«የኮምቦልቻው ልጅ አንተ ነህ?»
«አዎ።»
«እህ።»
ሌላ አልተናገሩም፤ ግን ያች «እህ» ብቻ
በሐረጎ ቁልቁል ወርዳ ገባች ኮምቦልቻ።

ፋይሏ በሲባጎ እንደታሰረች ወጣች።
ያ ሁሉ ሲዘረፍ፣ ወንበሩ፣ ኮምፒውተሩ፣
የበሩ እጀታ፣ መስታወቱ ሳይቀሩ፣
ዕዳን የነካ የለም። ዕዳማ ማን ይዘርፋል?
ሌባ ቢመጣ እንኳ እሱን ዘሎ ያልፋል።

«የጣሪያ ግድግዳ» ይላል ከላይ ርዕሱ፤
ጣሪያውስ ወንፊት ነው፤ ግድግዳው ለራሱ
ጎረቤት ተደግፎ ነው ያለው እስትንፋሱ።
ከሥሩ ማመልከቻ፣ የእናቴ አሻራ፣
እርከን የተሠራ ሰማያዊ ተራራ፦
«ባሌ ሞቶብኛል፣ ጉልበቴም ደክሟል፣
የዘንድሮው ግብር እጅ አጥሮኝ ቀርቷል፤
ከቤቴ እስካለሁ ይቆይልኝ» ይላል።
በኅዳጉ ላይ፣ በቀይ፣ አንድ ቃል፦
ይቆይላት።
ቀን። ፊርማ።

ገለጡ። ደግሞ ተራራ። ደግሞ ይቆይላት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
የአምናው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ዘገየ፤
አሻራው ደብዝዟል፤
እርከኑ ተንዶ፣ ተራራው ሜዳ ሆኗል።

«ይቆይላት ማለት ተተወ አይደለም፤
ዕዳው ተኝቷል እንጂ ጨርሶ አልሞተም።
እሷ ስትሞት ይነቃል።
ቤቱ ሲሸጥ ይነቃል።
ተከራይ ሲገባበትም እንዲሁ።
እናንተ ደግሞ» አሉ፣ ሁለት ጣት አንስተው፣
«ባንድ ሳምንት ሁለቴ ቀሰቀሳችሁት።
ከልጆቿ አንዱ አብሯት ቢኖር ኖሮ
ባልተነሳ ነበር፤ ይተኛ ነበር አድሮ።»

መደመሪያዋ ማሽን እየተንተባተበች
ረጅም ምላሷን፣ ነጭ ወረቀት፣ አወጣች።
ሰማንያ ሦስት ሺህ፣ ከነሳንቲሙ።
እኔ ግን ሌላ እደምር ነበር ቆሜ፦
ለአረፋ እመጣለሁ፤ ሥራ በዛ፤ ይቆይ።
ጣሪያውን አስጠግናለሁ፤ ክረምቱ ይለፍ፤ ይቆይ።
ዓይኗን ሐኪም ላሳያት፤ መስከረም ይጥባ፤ ይቆይ፤ ይቆይ።
ከኮምቦልቻ ደሴ!
ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ያለው ጊዜ
ከመንገዱ የሚረዝምበት አገር!
እሷም ደጃፏ ላይ፣ ያለ ቀይ፣ ያለ ፊርማ፣
«ይቆይለት» እያለች ኖራ ነበር ለካ፤
አሻራ አልጠየቀች፣ ማመልከቻም ለኔ።

«ሠላሳ ቀን አላችሁ፣ ከዛሬ ይቆጠራል።
መቼ ትከፍላላችሁ?»
ቀዩ እስክሪብቶ ተከፍቶ ይጠብቃል።
ቃሏ፣ ያች የለመደች፣ ምላሴ ጫፍ ደርሳ
ልትወጣ ስትል፣ ጥርሴን ነከስኩባት።
ከኋላዬ ያለ ሰው በክርኑ ነካኝ፤
አርባ ሦስት ተጠራ።
አቶ ሽበሺ ፋይሏን ወደ ዳር ገፋ አደረጓት፤
ሲባጎውን ግን አላሰሩትም።